የማያሰጥም ውኃ

ኤን ቦኬክ፥ የሆቴሉ ምድር ቤት፥
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት።
አንሶላ ይሽከረከራል፥ ፎጣ ይሽከረከራል፤
ሐሳቤም አብሮ ይዞራል፤
አንሶላው በዞረ ቁጥር ይነጻል፥
እሱ በዞረ ቁጥር ይጠቁራል።

እንዲህ ነው የሚለኝ፦
«ዐርባ ሁለት ሞላሽ፤ ምን ቀረ በእጅሽ?
የሰው ላብ ስታጥቢ ማን ጠራሽ በስምሽ?
እናትሽ ስትደውል ስልክሽ ሣጥን ውስጥ ነበረ፤
ጠዋት አንቺ ስትደውዪ የእሷ ተዘግቶ ቀረ።
ጸሎትሽም ቢሆን ጣሪያውን አይዘልቅም፤
ከላይሽ ዘጠኝ ፎቅ ተኝቷል፥ ማንም አይሰማሽም።»

ድምፁ ባዕድ ቢሆን በበር ባስወጣሁት፥
በስመ አብ ብዬ ባባረርሁት።
ግን የኔው ድምፅ ነው፥ የኔው አማርኛ፤
ቁልፍ ያለው ሌባ፥ የትራስ ጓደኛ።
የዘወትር ጸሎቴን ስገልጥ፥
ዓይኔ ፊደል ይለቅማል፥ አንድ ባንድ፥ እንደ ዶሮ፤
ልቤ ግን ቁስሉን ይልሳል፥ እንደ ውሻ፥ ወዲያ ዞሮ።

አንድ ንጋት ፈረቃዬ ሲያልቅ
እግሬ ወደ ማደሪያው አልሄድ አለ።
ሦስት ዓመት አጠገቡ ስኖር ያልነካሁት ባሕር
ከሞዓብ ተራራ ሥር እንደ ቀለጠ እርሳስ ተንጣለለ።
ልሙት አላልኩም፤ እግዜር ያውቃል።
ልረፍ ነው ያልኩት። ሰው ሲደክመው
ሁለቱ ቃል ይመሳሰላል።

ከነደንብ ልብሴ ገባሁ፤ እስከ ጉልበት፥ እስከ ወገብ፤
ጭንቅላቴን ከታች ልደብቅ፥ ያ ለፍላፊ እስኪረግብ።
ውኃው ግን እምቢ አለ።
እግሬን ነጥቆ ወደ ላይ ጣለ፤
ብጫነው ገፋኝ፥ ብከብደው አነሳኝ፥
እንደ ቡሽ፥ እንደ ገለባ፥ በጀርባዬ አስተኛኝ።

ሳቅሁ። ማን ያምናል?
ከነኀዘኔ፥ ከነዕዳዬ፥ ከነዐርባ ሁለት ዓመቴ
ተንሳፍፌ ሰማይ አየሁ።
በሰሜን፥ በጣፋጩ ባሕር፥
ያ ዓሣ አጥማጅ ሲሰጥም አንድ እጅ ተዘረጋለት፤
እኔን ምን ያህል ፈሪ መሆኔን ብታውቅ ነው፥ ጌታዬ፥
ባሕሩን በሙሉ እጅ ያደረግህልኝ?
መራራ ነው፤ ቀመስሁት። ጣፋጭ ነው አልልም።
መራራ ሆኖ ተሸከመኝ።

ከዚያ አንድ ጠብታ ዓይኔ ገባና እሳት ሆነ፤ ጮኽሁ።
ራኢሳ ነበረች፥ የሦስተኛው ፎቅ አሮጊት፥
ቆዳዋን ልታስታምም ፀሐይ ሳይወጣ የምትወርድ።
ክንዴን ይዛ ወደ ዳር ጎተተችኝ፤
ከላስቲክ ጠርሙስ ንጹሕ ውኃ
ግንባሬ ላይ አፈሰሰች፤
አንዴ፥ ሁለቴ፥ ሦስቴ።
«ማ ሽሜኽ?» አለችኝ። ስምሽ ማን ነው?
ደረቴ ላይ «ቲና» ይላል፤ አለቃዬ ነው ያሳጠረው።
አፌ ግን ሌላ አወጣ፥ በሰማንያ ቀኔ ቄሱ ያሉትን፥
ከእናቴ ሞት ወዲህ ማንም ያልጠራውን፦
«ወለተ ኪዳን።»

ዛሬም ዘጠኝ ሰዓት ነው። አንሶላ ይሽከረከራል።
እሱም መጥቷል፤ መች ይቀራል?
«ቲና» ይለኛል፥ «አንቺ ከንቱ፥ አንቺ ቲና...»
ቲናማ ያችትና፥ አልሁት፤
ወንበሩ ላይ፥ በመርፌ ቁልፏ ተሰቅላለች፤
የፈለግኸውን ንገራት፥ እሷ ትሰማሃለች።
እኔ ፎጣ አጥፋለሁ።
ክንዴ ላይ ጨው ቀርቷል፤ በምላሴ ነካሁት፤
መረረኝ፥
አሜን አልሁት።