ጠመኔና ቆርቆሮ

የአጎቴ የሮሰንዶ የጀልባ መሥሪያ
ከዳልካዌ ወደብ፣ ከዓሣው ገበያ
ሃምሳ እርምጃ ቢሆን። በሩ ላይ ሁለት ነገር ሰቅሏል፦
አንዱ ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔው በሲባጎ ታስሯል፣
አላፊ አግዳሚው ስለ ጀልባዎቹ የታየውን ይጽፋል።
ሌላው ቆርቆሮ ነው፣ የብስኩት ማኖሪያ የነበረ፣
ክዳኑ በቢላ ጫፍ ለወረቀት የተሰነጠረ፤
ቁልፉ ከአጎቴ አንገት ወርዶ አያውቅም።

የኔ ሥራ ማለዳ ሰሌዳ መጥረግ ነበር።
በዘጠኝ ዓመቴ ፊደል ያስቆጠረኝ
የመንደሩ ምርቃት፣ የመንደሩ ነገር።
«እጅህ ይባረክ» የሚል አነበብሁ፣
«ይህ ጀልባ ነው ወይስ ገንዳ?» የሚልም አነበብሁ፤
ዝናቡ ካልቀደመኝ (ደሴታችን ላይ ማን ይቀድመዋል?)
በእርጥብ ጨርቅ ሁሉንም እኩል አጠፋሁ።
ምርቃቱም ስድቡም አንድ ነጭ ውሃ ሆኖ
በክርኔ ወረደ፣ እጅጌዬ ውስጥ ገባ።

ፋቢያን ናዌልኪን የሚባል ተለማማጅ ነበረን፣
መጋዝ ሲይዝ ምላሱን የሚነክስ፣ ዝምተኛ።
አንድ ቅዳሜ፣ ገበያው በሞላበት ቀን፣
የሆነ እጅ በትልቁ ጻፈ፦ «የፋቢያን ጀልባ ይጠጣል!»
ሌላ እጅ ከሥሩ፦ «ጌታውን መስሎ ነዋ፤ እሱስ መች ይጠግባል?»
ሦስተኛው ቃል አጥቶ
በጠመኔ ሣቀ፣ ከዳር እስከ ዳር።
የፊተኛው እውነት ነው፤ በቀኝ ጎኗ ውሃ ታስገባ ነበር።
የኋለኛው ውሸት፤ ልጁ የወይን ሽታ እንኳ ያጥወለውለዋል።
ምን ዋጋ አለው፣ ሁለቱም በአንድ ጠመኔ ተጽፏል።
የሰው ፊት እሳት ነው ይላሉ።
እሳትስ ከራቁት አይፈጅም፤ ይህ ቤቱ ድረስ ተከተለው።
ሰኞ አልመጣም። ማክሰኞም።
ሳልሞን እርባታ ገባ አሉ፣ ወደ ደቡብ፤
መዶሻው ምስማሩ ላይ ቀረ።

አጎቴ ሰሌዳውን ነቅሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረው፦
«ከእንግዲህ ነውሬን የሚያይ በቆርቆሮው በኩል ይንገረኝ።»

መረብ ጠጋኟ ኦርፌሊና ነገረችው።
ፊደሏ እንደ ቋጠሮዋ ትንንሽ፣ ጥብቅ፦
«ሮሰንዶ፣ ለማንም አልተነፈስሁም።
በሳንቃህ መሃል የምትጠቀጥቀው የዛፍ ልጥ ዘንድሮ ደርቋል፤
ማዕበል ካገኘው ስፌቱ ይፈታል።
የሚወድ ያስለቅሳልና አልቅስልኝ።»
አነበበ። ጆሮው ቀላ።
ወረቀቷን አራት አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ፣
ልጡን ለወጠ፣ ቀጣዩን ጀልባ እንደ ሙሽራ ልብስ ሰፋው።

ግን በአሮጌው ልጥ የተሰፉ አራት ጀልባዎች
ባሕር ላይ ነበሩ።
ቆርቆሮው ለእነሱ አልተከፈተም።

በነሐሴ ብርድ የካርካሞ ወንድማማቾች ጀልባ
በሁለት ደሴት መሃል አፏን ከፈተች።
የዘይት በርሜል አቅፈው አደሩ፤
ታናሹ ሁለት ጣቱን ለብርዱ ከፈለ።
መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። አልጮኹም።
ታላቁ ብቻ፣ በቀስታ፦ «ታውቅ ነበር?»
አጎቴ እጁን ደረት ኪሱ ላይ አደረገ፤
እጁም እዚያው ቀረ።

በማግስቱ ሰሌዳው ተመልሶ ተሰቀለ።
ለመጀመሪያ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ጻፈበት፦
የአራቱን ጀልባዎች ስም፣ የልጡን ነገር፣
«ስህተቱ የእጄ ነው። አምጡልኝ፣ ያለ ዋጋ እሰፋለሁ።»
ያን ማለዳ ጨርቄን አላነሣሁም።
ዝናቡ ሲመጣ የአጎቴን ካፖርት በሁለት እጄ ዘርግቼ
እንደ ጣሪያ ቆምሁለት፣
አራተኛው ባለ ጀልባ እስኪያነብ ድረስ።

ለፋቢያንም ጻፈ። ሰሌዳ ላይ ግን አይደለም፤
ማታ፣ በኩራዝ፣ ሦስት ገጽ፤
ፖስታውን በምላሱ አርሶ አሸገው።
ምን እንዳለው አላውቅም።
በገበያ መሃል የወደቀን ልጅ
በታሸገ ፖስታ ማንሣት ይቻል እንደሆነም
እስከ ዛሬ አላውቅም።
ቴምብሩን የለጠፍሁት እኔ ነኝ።
ትንሽ ተንጋደደብኝ፤
«ተዪው» አለኝ አጎቴ፣ «እሱ ያየዋል፣ ሌላ ማንም።»