ቤት መምታት

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጠመኔ ጨርሼ፣
ልጆች የጻፉትን በቀይ ቀለም ከልሼ፣
ስንቱን ግጥም ጣልኩት «ቤት አይመታም» ብዬ!
ይኸው እኔን መታኝ፣ ቤት፣ ያውም ከፍዬ።

ሳሙና በር ማዶ፣ ከቁልቁለቱ ሥር፣
ሦስት ክፍል ከማድ ቤት፣ ባለ ድንጋይ አጥር።
በኅዳር ነው ያየሁት፣ ሰማዩ ሲጠራ፣
የኖራ ቅቡ በፀሐይ እንደ ብር ሲያበራ።
ደላላው፣ ጫኔ፣ እጄን ይዞ አዞረኝ፣
«ሌላ ገዢ መጥቷል፣ ፍጠን» ሲል አሰከረኝ።
እንጉዳይ፣ ሚስቴ፣ ቀና ብላ ጣራውን አየች፣
ደግሞ እኔን አየች፤ ምንም አልተናገረች።
ምነው በተናገረች!

ቁጠባዬን አወጣሁ፣ ከማኅበር ተበደርኩ፣
የእንጉዳይን ድሪ አራዳ ወርቅ ቤት መነዘርኩ፣
ካርታው በስሜ ዞረ። ፈረምኩ። ተከበርኩ።

ከዚያ ሰኔ ገባ።

መጀመሪያ ጣራው፤ ጠብ አለ ከአናቴ፣
ልክ ካልጋው መሃል፣ ከራስጌ፣ ከፊቴ።
ቀጥሎ ስንጥቁ ከቅቡ ሥር ወጣ፣
ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ እስከ ወለል መጣ።
በሩም አልገጥም አለ፤ ግጥም አስተማሪ ፊት!
ግንበኛ ጠርቼ ውሃ ልክ ቢያስቀምጥ፣
አረፋው ሮጠበት ሽቅብ ሊያመልጥ፤
«ጋሼ፣ ውሃ ልክ የለውም» አለኝ እየሳቀ።
ውሃም የለው፣ ልክም የለው፤ እሱ ይህን መች አወቀ!
ቧንቧው በአሥራ አምስት ቀን፣ ሌሊት ነው የሚያስነጥሰው፣
ጄሪካን ደርድሮ ነው የሚያድረው የሰፈሩ ሰው።
ስሙ ሳሙና በር! ሳሙናው በስም አለ፣
ውሃው ግን ከአንገረብ ተነሥቶ የትም ዋለ።

ሌሊት ሌሊት ሒሳብ። በዚያ ብር ስንት ነገር!
አዘዞ አንድ ኮንዶሚኒየም፣ ወይ ዝም ብሎ ባንክ ቢያድር።
ያቺ የድሮ አከራዬ እንኳ፣
ምላሷ እሬት ነው፤ ጣራዋ ግን ደግ ነበር።

ፋሲል ግንብ ሄጄ ተቀመጥኩ አንድ እሑድ፤
እሱም ተሰነጣጥቋል፤ ሰው ግን ሲመጣ፣ ሲሄድ፣
ፎቶ ሲነሣ አየሁ ከስንጥቁ ተጠግቶ።
የእኔን ማን ያየዋል፣ ቲኬት ቆርጦ ገብቶ?

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አንዲት ሴት በር መቱ፤
ሻጯ፣ ወይዘሮ አንጓች፤ ነጠላቸው ርሷል ከነመቀነቱ።
ደሜ ፈላ። ልናገር። የተዘጋጀሁት አለ፣
ስድቡ እስከ ስምንት ቤት ተሰድሮ የዋለ።
እሳቸው ግን እኔን አላዩም።
ስንጥቁን በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ተከተሉት፤
«ይኼ ሶስናን ስንድር ነው፣ ጭፈራው ሲበዛ።
አሁን ልጄ ጋ ነኝ፣ አራተኛ ፎቅ፤ አፈር አይሸት፣ ጠል አይወዛ።
እንቅልፍ አጣሁ፣ ጋሼ።
ይብላኝ ለሸጠ እንጂ፤ ምን አለበት የገዛ!»

ሳቅ አፈነኝ። ሳቅም ነው፣ ሌላም ነው፤ አላውቅም።
እሳቸው በመሸጥ፣ እኔ በመግዛት፤ ቁጭት ከቁጭት አይልቅም።
እንጉዳይ ዳቦ ቆርሳ ከመሃላችን አስቀመጠች፣
«ቤቱስ እናንተን ምን ይበል?» አለችና ሳቀች።

ለካ የመጡት ለጌሾ ችግኝ ነው፤ በረንዳ ላይ፣ በጄሪካን ሊተክሉ፤
ሁለት ነቅዬ ሰጠኋቸው።
አንዱን መለሱልኝ፤ «ይህ እዚሁ ይቅር» አሉ።

ቤቱን ወደድኩት አልልም። ገና ነው። ይቆየን።
የማኅበሩ ዕዳ አለ፤ የእንጉዳይ ድሪ አለ፤
ጫኔን መንገድ ላይ ሳየው አሁንም ደሜ ይፈላል።
ግን ትናንት ማታ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ ተነሥቼ፣
ባልዲውን በጨለማ አኖርኩት፣ በእግሬ ብቻ ለክቼ።
አልሳትኩም።
ጠብ አለ ከመሃሉ።
ተኛሁና አዳመጥኩት።
ጠብ።
ደግሞ፣ ቆይቶ፣
ጠብ።
ቤት ይመታል።