ሰማንያ

ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ጎሚስታውን ተጠግቶ፣
ዳንጊሶ ስልክ ይጠግናል፣ አንድ ክንድ ሱቅ ከፍቶ።
ስልኬን ሰጠሁትና ደጁ ላይ ቆምኩኝ፣
ጀርባውን በጥፍሩ ፈልቅቆ አሳየኝ።
ባትሪው አብጧል፤
እንደ አዲስ ሀብታም ቦርጭ ከቀበቶው ወጥቷል።
«ሌሊቱን ሙሉ ሰክተኸው ነው የምታድረው?» አለኝ።
«ታዲያስ! ቀን ቀን ባጃጅ ላይ ነኝ፤
ተኝቼ ካልሞላሁት መቼ ሊሞላልኝ?»

ሳቀ ዳንጊሶ፤ ወረንጦውን አስቀምጦ፣
የሞተውን ባትሪ በሁለት ጣቱ ጨብጦ፦
«ይሄ እኮ አልራበውም፤ ጠግቦ ነው የሞተው።
መቶ ድረስ አትሙላው፤ ሲሞላ ይጨነቃል፣
ዜሮ ድረስ አታውርደው፤ ሲጎድልም ይደርቃል።
ሃያ ሲደርስ ሰካ፤ ሰማንያ ሲል ንቀል፤
እሱም ዕድሜ ያግኝ፣ አንተም ከእኔ ተገላገል።»
አዲስ ባትሪ ገባ። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር
ከኪሴ ወጣ እንጂ፣ ምክሩስ በነጻ ነበር።

ማታ አቶቴ ገባሁ። ስልኬን ሰካሁና
ከሶኬቱ ሥር ተቀመጥኩ፣ በርጩማ ሳብኩና።
ስድሳ ሁለት… ሰባ አንድ… እያልኩ ስቆጥር፣
ወተት እሳት ላይ እንደጣደ ሰው፣ ዐይኔን ሳልሰብር፣
ወርቂቱ ከጓዳ ወጣች፣
እጇን በቀሚሷ እያበሰች።
«ምን ሆነህ ነው?»
«ሰማንያ እየጠበቅኩ ነው።»
ሳቋ ቀደማት፦ «ሰማንያማ አለን፤ ሣጥኑ ውስጥ ነው!
ሦስት በእኔ፣ ሦስት በአንተ፣ ስድስት ሰው የፈረመው፤
አሥራ አንድ ዓመቱ፣ አይጥ እንኳ ያልነካው።»

እውነቷን ነው። አይጥ አልነካውም፤ የነካሁት እኔ ነኝ።
በተጋባን በሦስት ዓመት፣ መቶ ካልሞላ ያልኩ እኔ ነኝ።
«የት ዋልሽ? ማን ደወለ? አሁን ምን አሰብሽ?
ምነው ዝም አልሽ?»
ሌሊቱን በጥያቄ ሰክቻት አድር ነበር፣
ሲነጋ የማላውቀው አንድ ነገር እንዳይቀር።
አንድ ክረምት ላይ ጋለች።
ወረቀቱን ከሣጥኑ አወጣች፣
መሐሉን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ልቅደደው?» አለች።

አልተቀደደም። እንዴት እንደዳነ ዛሬም አልገባኝ፤
ብቻ እጄን ሰበሰብኩ፣ ብቻ አፌን ዘጋሁኝ።
እሁድ ከሰዓት ወደ ፍቅር ሐይቅ ብቻዋን ትወርዳለች፣
አባ ኮዳዎቹ እንደ ጡረተኛ ከቆሙበት ዋርካ ሥር ትቀመጣለች፤
ያየ ሰው ነግሮኝ እንጂ፣ እኔስ ጠይቄ አላውቅም።
ምን ታስብ እንደሆን፣ ማንን ታስታውስ፣ አላውቅም።
ማታ በሩን ስትከፍት ግን ታንጎራጉራለች።
ያቺ ሃያ የእሷ ነች።

ሰማንያ አለ። ነቀልኩት።
ገመዱን ጠቅልዬ ሳልጨርስ፣ መብራት ሄደ።
ከአቶቴ እስከ ታቦር ግርጌ ሁለት ቀን ጨለመ፤
ጎረቤቴ፣ ባለ መቶው፣ ኳስ እያየ ከረመ።
እኔ ሰማንያዬን እንደ ጨው በቁንጥጫ፣
ዳንጊሶን እየረገምኩ፣ ከእርግማኑ እርግማን ሳማርጥ፣
በሁለተኛው ማታ ጠፋብኝ። ጥቁር መስታወት።
ባትሪዋ ሳምንት የሚቆይ፣ በላስቲክ የታሰረች፣
ያቺን ባለ ቁልፍ ስልኳን ወርቂቱ አቀበለችኝ፤
«ካስፈለገህ ደውልባት» አለችኝ።

ለማን ልደውል? የደንበኞቼ ቁጥር ሁሉ
የሞተው ስልኬ ውስጥ ናቸው፣ እዚያው አሉ።
በቃሌ የማውቀው ቁጥር አንድ ብቻ ነበር።
በጨለማ ቁልፎቹን ዳሰስኩ፣ ደወልኩ።
የእሷ ቁጥር፣ በእሷ ስልክ።
መስመሩ ተይዟል አለኝ።

ሳቅን። ጎረቤት እስኪሰማ ሳቅን።
እኔ በስልኩ ነው የሳቅኩት።
እሷ በምን እንደሳቀች
አልጠየቅኳትም።