ሠላሳ ሁለት ጊጋ

ሂርማታ ገበያ፣ ከጫማ ሰፊው ጎን፣
«ሜሞሪ እንጭናለን» የሚል ካርቶን
አንገቷ ላይ ያሰረች ሱቅ አለች፤
ሁለት ሰው ከገባ ትጨነቃለች።
ሙዘይን ነው ባለቤቷ። ወሬ አይወድም።
«ካርድሽን» ይላል፤ ቀና አይልም።
አንድ ጊጋ አምስት ብር፤ ዱቤ የለም።

እኔ ስቄበታለሁ፤ ስልኬ አዲስ ነበር፤
«ሁሉ አፑ ላይ ሳለ፣ ምን ይሉታል ኮተት መደርደር?
ልቧን ነካ ማድረግ ነው። ቀላች? በቃ፣ የኔ፤
የቀረውን ደመናው ይይዘዋል ለእኔ።»
ጅማ ተወልጄ፣ ዝናብ ጠግቤ አድጌ፣
ደመና ማመኔ!

አባቴ አባ ገሮ በርጩማ ጠራቢ ነበር፤
ከአንድ ግንድ፣ ሦስት እግር፣ ያለ አንዲት ምስማር።
የዩኒቨርሲቲ ልጅ ቀረጸው አንድ ቀን፣
አራት ደቂቃ ከሃያ፣ ፋሱን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣
«እንጨት አይቸኩልም» ሲለን።
ልጁ ለቀቀው።
እኔም ልቧን ነካሁ፤ ቀላች።

ከሞተ ወዲህ አርብ አርብ ማታ
ከፍቼ አያለሁ ጥቅሌ እስኪጨርስ፤
ሞልቼ ደግሞ ከመነሻው፣ «አይቸኩልም» እስኪደርስ።
አሁን ሳስበው፣
የአባቴን ድምፅ በሜጋባይት ተከራይቼ ነበር፤
አከራይ ደግሞ ሲያስወጣ አይናገር።

አንድ አርብ ከፈትኩ። ግራጫ።
«ይህ ቪዲዮ ከእንግዲህ አይገኝም።»
ልቧ ግን እንደ ቀላች ናት፤ አላፈረችም።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ። ውሸት፤ ያደምቃል፤
ባለቤቱ እስኪጠራው ድረስ ያደምቃል።

ሙዘይን ጋ ሄድኩ፣ ሳቄን እቤት ትቼ፤
«አንድ ሽማግሌ... በርጩማ ሲጠርብ...» አልኩ ፈርቼ።
ቀና አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ።
«የእንጨቱ ሰውዬ? የፋሱ ድምፅ ደስ ብሎኝ አውርጄዋለሁ፤
ልዩ ልዩ ውስጥ ይኖራል፤ ቆይ፣ እፈልገዋለሁ።»

ነበር።
ሲያወርደው ግን መብራት ሄዶበት፣
ሦስት ደቂቃ ከአስር ላይ ተቆርጧል።
«ጎዶሎ ነው» አለ። ብር አልወሰደም።

ጥፍሬን በምታህል ካርድ አስጭኜ ወጣሁ፤
ሠላሳ ሁለት ጊጋ ውስጥ ሠላሳ ሜጋ አባት።
አጋሮ ላለው ወንድሜም አስገለበጥኩለት።
ኔትወርክ ቢጠፋ፣ ፓስወርድ ቢረሳ፣ ጥቅል ቢያልቅ፣
ኪሴ ውስጥ ይጠርባል፤
ፋሱን ያነሳና ወደ ካሜራው ዞር ይላል፤
«እግሩን ቀድማችሁ እንዳትነኩት፤ መጀመሪያ —»

ቀጥሎ ያለውን ስንት አርብ ሰምቼዋለሁ፤
አልያዝኩትም።