አቦ ይመችህ

ታይዋን ገበያ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣
ቆርቆሮው ሳይነኩት በሚያቃስትበት ሙቀት፣
ረምዚ፣ ጫቱን በአንድ ጉንጩ ወጥሮ፣
ጥቁር ጊታር አወረደልኝ፣ በክንዱ ጠርጎ አሳምሮ።
«ድምፁ፣ አባባ፣ ሳቢያን ድረስ ይሰማል!»
ይሰማል። አልዋሸም።
የኔ አውራ ጣት ግን ቀድሞት ጮኸ።
አንገቱ ወፍራም፣ ሆዱ ሰፊ፣ ብብቴ ሥር አልገባ አለ፤
ክሩ ከእንጨቱ ርቆ የተወጠረ ሽቦ፣
ስጫነው አጥንቴን የሚጫን።
ኤፍን ልይዝ ሌባ ጣቴን ዘብ አቆምኳት፤
እንደ ሰነፍ ዘበኛ ግማሹን በር ሳትዘጋ ተኛች።
ግራ እጄ ግራ ገባው።

ሠላሳ አንድ ዓመት በምድር ባቡር ጋራዥ
ብሎን ያጠበቀ፣ ብሎን ያላላ እጅ ነው፤
ቅዳሜ ማታ ደግሞ ቅባቱን በነጭ ጋዝ አጥቦ
በሠራተኞች ክበብ ስንቱን ሙሽራ ያስጨፈረ።
ዛሬ ጠዋት ጠዋት
የሸሚዜ ቁልፍ እንኳ ያሸንፈዋል።

«ለልጅ ልጅህ ከሆነ ይቺ አለች» አለ ረምዚ፣
ከጥግ፣ ከባልዲ ጀርባ፣ አንዲት ትንሽ ጎትቶ፤
ቀለሟ የተላጠ፣ ክሯ ናይለን፣ አንገቷ ቀጭን።
ያዝኳት። ጣቴ ዝም አለ።
«አዎ፣ ለልጅ ልጄ» አልኩ።
የልጅ ልጅ የለኝም።

መጋላ ወረድኩ፣ ዑድ ጠጋኙ ኢድሪስ ዘንድ።
ጊታሯን ዞር ብሎም አላያት። «እጅህን ስጠኝ» አለ፤
እንደ ልብስ ሰፊ በሜትር ለካው፣
እብጠቱን በጣቱ እየዳሰሰ፣
«እዚህ ያምሃል? እዚህስ?»
ከዚያ የአጥንቷን ድልድይ በሞረድ ነካ ነካ፣
ዱቄቱን እፍ እያለ፣ በጥፍር ውፍረት ዝቅ አደረጋት፤
ክሩንም ሁለት ደረጃ አላላው።
«ጣትህ ለዕቃ ሲጎነበስ ኖሯል ደግፌ፤
አሁን ደግሞ ዕቃ ይጎንበስለት።»
ሦስት መቶ ብር አለኝ። ተከራከርኩ።
ሦስት መቶ ብር ከፈልኩ።

ማታ ከዚራ፣ ኒሙ ሥር፣
ደቻቱ ደርቆ፣ አሸዋው የቀኑን ግለት ሲተፋ፣
ጭኔ ላይ እንደ ድመት ቦታዋን ፈልጋ ተመቻቸች።
ኤፍን ተውኩት። ሦስቱን ቀጫጭን ክሮች ብቻ ያዝኩ፤
የጎደለውን ውድነሽ ታውቀዋለች፣
ከመስኮቱ ወዲያ፣ ሳትታይ፣ በጉሮሮዋ ሞላችው።
ሃያ ደቂቃ። ጣቴ «በቃኝ» አለ።
ድሮ ቢሆን እልህ እጋባው ነበር።
ለብ ባለ ውሃ ነከርኩት፤
ሳፋው ውስጥ ተንጋሎ ሲያርፍ አየሁትና፣
«አቦ ይመችህ» አልኩት፣
ከሩቅ መጥቶ ጫማውን እንዳወለቀ እንግዳ።

በማግስቱ ረምዚ ከባጃጅ ላይ ጮኸ፦
«አባባ! የልጅ ልጅህ ወደደቻት?»
«እየለመደቻት ነው» አልኩት።
«ጣቷን ብቻ ትንሽ ያማታል።»