ዝይና መሰላል

ኤንደል ይባላል፣ ሙሁ ደሴት ነው ቤቱ፤
ኢስቶኒያ፤ የመርከብ ሞተር ነበር የአርባ ዓመት ሕይወቱ።
የፒስተን ሳል ሰምቶ ሕመሙን ይለያል፣
ከኮምፒውተር ፊት ግን እንግዳ ሆኖ ይታያል።

የይለፍ ቃሉ «ሙኪ» ነበር፣ የውሻው ስም፣
ከኋላዋ አንድ ሁለት ሦስት፣ ሌላ የለም ምንም።
ሙኪ ከሞተች እነሆ ዘጠኝ ዓመት አልፏል፤
ስሟ ግን በግቢው በር ላይ እስከ ዛሬ ተጽፏል፦
«ከሙኪ ተጠንቀቁ!»

በኅዳር ብርድ፣ ማለዳ፣ ጎረቤቱ ሌይዳ መጣች፣
ጫማዋን ሳታወልቅ ምንጣፉ ላይ ወጣች፦
«ሪጋ ላይ ተዘርፌ ሆቴል ታግቻለሁ፣
ሦስት መቶ ዩሮ ላኪልኝ፣ ሰኞ እመልሳለሁ
አላልከኝም ወይ? ሰኞ አለፈ እኮ!»

ሪጋን ካየ ሃያ ዓመቱ ነበር፤
የማያውቀው ሰው ነው በስሙ ሲበደር።
ከጡረታው ቆጥሮ ገንዘቧን መለሰ፣
ኮቱን ደረበና ቤተ መጻሕፍት ደረሰ።

ኡርቬ፣ የመጻሕፍቱ ጠባቂ፣ ሻይ ሰጥታ
አስቀመጠችው፤ አዳመጠችው በጸጥታ።
«አሁንስ» አላት፣ «የሚስቴን፣ የሂልያን ስም ብጽፈው፣
የሠርጋችንን ቀን ደግሞ በጎኑ ባሰልፈው?»

«የወደድከውን ነገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤
ጣራ እሳቱን እንጂ ጭሱን እንዴት ይደብቀዋል?
ስሟም ቀኑም ከመቃብሯ ድንጋይ ላይ አለ፤
ድንጋዩን ያነበበ በርህን ከፈተ ማለት አይደለ?
ደግሞ ሌባው ራሱ አይገምትም፣ ማሽን ነው የሚሞክረው፤
የውሻ ስምና የልደት ቀን ነው አስቀድሞ የሚቆፍረው።»

«የወንድሜ ልጅ ግን ሌላ ነገር መክሮኛል፦
ምልክት፣ ቁጥር፣ ፊደል ቀላቅል ብሎኛል።
ቀላቀልሁ። ረሳሁ። ወረቀት ላይ ጻፍሁት፤
ወረቀቱን ደግሞ የት እንዳኖርሁት...»
ባዶ እጁን ዘረጋ።

ሳቀች። ከልጆቹ መደርደሪያ የሉዶ ዳይስ አመጣች፣
ቃላት በቁጥር የተደረደሩበት ደብተር ገለጠች።
«ዳይሱ ይምረጥልህ፣ አንተ አትምረጥ ቃሉን፤
ሰው ሲመርጥ ሳያውቀው ያሳብቃል አመሉን።»

ወረወረ፣ ቆጠሩ፣ ወረወረ። ዝይ።
እንደገና። ሐሙስ።
መሰላል።
ከጠረጴዛው ሥር ገባ ዳይሱ፣ ተንበርክኮ ፈለገው፤ ዳኛ።
ጨው። ማንኪያ።

«ይሄ ምን ትርጉም አለው?»
«ምንም። ደግነቱም ይኸው።
አሁን ዓይንህን ጨፍንና በሐሳብህ ሳለው፦
ዝይዋ ሐሙስ ለታ መሰላል ደግፋ፣
በዳኛው መስኮት ገብታ ጨው በማንኪያ ዘርፋ...»

ኤንደል ጢሙን ያዘ። «ተያዘች ወይስ አመለጠች?»
«እሱን አንተ ጨርሰው» ብላ ሻይ ጨመረች።

ሁለቴ ደገመው፣ በሦስተኛው ማንኪያዋን ረሳት፣
በአራተኛው አገኛት፣ ዝይዋ አፍ ውስጥ ነበረች።
የወደብ ሰው ነውና በራሱ ቋንቋ ፈታው፦
«አንዷ ክር ብቻዋን በጥርስ ትበጠሳለች፤
ስድስት ሆና ስትገመድ መርከብ ትይዛለች።»

«ይሄ ግን ለልምምድ ነው፣ እኔም ሰምቻለሁ፤
ዳይሱን ውሰድ፣ ደብተሩን አውስሃለሁ።
ቤትህ ግባ፣ መጋረጃውን ዝጋ፣ ሌላ ስድስት ጣል፤
ለባንኩ ሌላ፣ ለደብዳቤው ሌላ፤
ቁልፍህ አንድ ከሆነ ሌባ ሁለት ጊዜ ይመጣል።
ለእኔም አትንገረኝ።»

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ በዝይዋ አትድከም፤
የእውነቱን ስድስት ቃል የነገረኝ የለም፤
ሆድ ይፍጀው ብሎ ይዞታል።
እኔ የማውቀው፣ ወደ ኩይቫስቱ ወደብ ሲወርድ
ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ለብቻው ይስቃል፤
ሌይዳ «ምን ያስቅሃል?» ስትለው
«ምንም» ይላታል።

የሂልያ ስም ግን ከቁልፍነት ነጻ ወጣ፤
ጮክ ብሎ ይጠራታል፣ ነፋሱ ከየትም ይምጣ።
ሚያዝያ ላይ የዱር ዝይዎች ባሕሩን ሲያቋርጡ፣
ሰልፋቸው ተወላግዶ እየጮኹ ሲመጡ፣
ባርኔጣውን ያነሳል፤
«ይለፉ» ይላቸዋል።