የዳራሬ አውራ ጣት

የባጃጅ ቸርኬ ነው የሸክላ መዘውሬ፤
ስረግጠው ይዞራል ታቦርና ሰፈሬ።
አንዱን ማኅተም ቀረጽሁ ከነጠላ ጫማ፤
ሌላው ካሞራ ገደል፣ ከድመት የተቀማ
ያሣ አጥንት።

ሦስተኛው ሸክላ ነው።
እናቴ ዳራሬ፣ መዘውሬን ንቃ፣
«ሰው ነው ጭቃን ሚዞር!» ብላኝ፣ ተሣልቃ፣
አውራ ጣቷን ሰካች ከቁራጩ ጭቃ።

ጭቃ ሲደርቅ ያንሳል፤ ሲተኮስም ያንሳል፤
እሷ አፈር ለብሳ፣ ጣቷ ግን ይነሣል፣
ከገንቦው አንገት ሥር፣ ከድስቱ ጠርዝ ላይ፣
በተጫንሁት ቁጥር ጉብ ብሎ የሚታይ።

ከእቶን ባወጣሁት የትናንት ኩባያ፣
ልጄ አውራ ጣቷን አሳረፈች እዚያ።
ልኳ ሆነ።
ስድስት ዓመቷ ነው።
ሁለት እሳት አልፋ፣ እናቴ እኩያዋ።

ሐዋሳ